ጸበል ያልሆነው ጀሪካን

ባለፈው ጥር ከመቂ ወደ መራዊ 20 ሊትር ውሃ ተሸክሜ መጣሁ። በቢጫ ጀሪካን። ክዳኑን በፌስታል ጠቅልዬ በሲባጎ አስሬዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ረዳቱ «ላይ ልስቀለው» ቢለኝ እምቢ አልኩ። እግሬ መሀል ይዤው ተቀመጥኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገና ጎሐ ጽዮን ሳንደርስ ጀሪካኑን ማየት ጀመሩ።

«የየት ጸበል ነው ልጄ?»

«ጸበል አይደለም እማማ። የጉድጓድ ውሃ ነው።»

«የጉድጓድ ውሃ ተሸክመህ ጎጃም?» አሉና ዝም አሉ። እንዳላመኑኝ ገባኝ።

የአባይን በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ከበደ። ሰው ሁሉ ነጠላና ጃኬቱን ያወልቃል። እማማ ዞር ብለው «እስቲ ትንሽ አቅምሰኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል» አሉኝ። ምን ልበል? «መርዝ አለው» አልኩ። ያልኩት እውነት ነው፣ ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስህተት መሆኑን አወቅኩ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «መርዝ ይዘህ ከሕዝብ ጋር ትሳፈራለህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ወጥተን ፍተሻ ላይ ስንደርስ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወርዷል። ፈታሹ ጀሪካኑን አስፈታኝ። አሸተተው። «ጠጣው» አለኝ።

ጠጣሁት። አንድ ጉንጭ። ምንም አልሆንኩም።

እማማ ከመስኮቱ አዩኝ። ተመልሼ ስቀመጥ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። «አላልኩም? ጸበል ነው። ንፉግ» አሉ። እስከ መራዊ አላናገሩኝም።

ለእሳቸው ማስረዳት ያልቻልኩትን እዚህ ልሞክር። ያ ውሃ ፍሎራይድ አለው። ፍሎራይድ በአንድ ጉንጭ ሰው አይጎዳም። እንዲያውም በጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚከቱትም ለዚሁ ነው። ችግሩ ከመጠን ያለፈውን በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲጠጡት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። መቂ ባለችበት በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 በላይ የሚደርሱ ጉድጓዶች አሉ። ውሃው አይሸትም፣ አይደፈርስም፣ ጣዕሙም ደህና ነው። በዓይን ሲታይ ከእኛው የመራዊ ቧንቧ ውሃ ይልቅ ኩልል ያለ ነው።

ታናሽ እህቴ በባሏ ሥራ ምክንያት ከመቂ ወጣ ብላ መኖር ከጀመረች 11 ዓመት ሆናት። ትልቋ ልጇ 9 ዓመቷ ነው። የወተት ጥርሶቿ ደህና ነበሩ። ቋሚዎቹ ሲወጡ ግን ነጭ ነጠብጣብ ይዘው ወጡ። አሁን ቡናማ ሆነዋል። ፎቶ ሊያነሷት ሲሉ ከንፈሯን ገጥማ ትቆማለች። እህቴ መጀመሪያ የጥርስ ሳሙና ቀየረች። ቀጥሎ ውሃውን ማፍላት ጀመረች። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲቀንስ የቀረው ላይ ይበዛል። ይሄን ስነግራት ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጆቿ ብላ ስታፈላ ኖራለች።

እኔ እዚህ መራዊ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ፍሎራይድም ተማሪ ፊት ቆሜ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ ያለ ፍሎራይድና የእህት ልጅ ጥርስ ላይ ያለ ፍሎራይድ ግን አንድ አይደሉም።

ሰው የሚጠይቀኝ «እነሱ ጋ ይሄ ካለ እኛ ጋስ ለምን የለም?» ነው። ሁለታችንም እሳተ ገሞራ የፈጠረው ድንጋይ ላይ ነው የምንኖረው። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው ካልሲየም ነው። ካልሲየም ባለበት ፍሎራይድ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ እንደ ልቡ ይኖራል።

አባቴ ጀሪካኑን ግቢ ውስጥ ሳወርድ አየና ምንነቱን ጠየቀኝ። ነገርኩት። በትሩን ተደግፎ ሳቀ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ውሃ ተሸክሞ ወደ አባይ አገር ሲመጣ ግን አንተን አየሁ» አለ።

ውሃውን ያመጣሁት ግን ለአባቴ አፈር ብዬ ነው።

የሜጫን፣ የእኛን አገር፣ አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀይ ነው። ሲዘንብ የግድግዳ ቀለም ይመስላል፣ የነጭ ሸሚዝ ጠላት ነው። ኮምጣጣ አፈር ነው፣ ማለትም አሲዳማ። አባቴ ዳፕ በነበረበት ጊዜ ዳፕ፣ ኋላም ኤንፒኤስ ሲዘራበት ኖሯል። ሁሌም የሚለው «ይሄ አፈር ማዳበሪያ ይበላል» ነው። ልጅ ሆኜ የገበሬ ምሬት ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ቃል በቃል እውነት መሆኑን ያወቅኩት። ቀይ አፈር ውስጥ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሞልቷል፣ ቀዩም ቀለም የብረቱ ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን የእነዚህ ኦክሳይዶች ገጽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፌት ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ሲገናኙ ይጣበቃሉ፣ አጥብቀው። አባቴ በብድር የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉ ሳይደርስበት አፈሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ኖራ የሚነሰንሱትም አፈሩ ጭብጡን እንዲያላላ ነው።

ፍሎራይድም ኔጌቲቭ ነው። ፎስፌትን ጨብጦ አለቅም ያለ አፈር ፍሎራይድንስ ለምን ይለቃል?

ነገሩ አድሶርፕሽን ይባላል። ብዙ ሰው መምጠጥ ይመስለዋል፣ አይደለም። እንጀራ ወጥ ሲመጥ ወጡ ወደ ውስጡ ይገባል። ይሄኛው ግን እንደ ጭጎጎት ነው። ማሳ አቋርጠህ ስትወጣ ሱሪህ ላይ ተለጥፎ የምታገኘው። ገጽ ላይ ነው የሚያዘው። ቁምጣ የለበሰ ጥቂት ጭጎጎት ይይዛል፣ ጋቢ እየጎተተ የሄደ ብዙ። ስለዚህ የማዕድን ሙያው ያለው ገጹ ላይ ነው። ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ውስጥ ያለውን ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ሸክላ ብትወስዱ፣ ገጾቹ ሁሉ ቢዘረጉ አንድ ግራሙ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሦስት ግራም፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዱቄት፣ አንድ ጥማድ መሬት ያህል ገጽ አለው ማለት ነው። ይሄን ለአባቴ ስነግረው «ታዲያ ለምን አናርስበትም» አለኝ።

ግን ሁሉም ማዕድን ሁሉንም አይይዝም። የእኔን ተማሪዎች በጣም የሚያስገርማቸው ይሄ ነው። በሃይላንድ ላስቲክ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም በጥብጬ ከቢቸና የመጣ ዋልካ አንድ ማንኪያ እጨምርበታለሁ። አንዱ ተማሪ እጁ እስኪዝል ይንጠዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ እናቆመዋለን። ጭቃው ቀስ ብሎ ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ውሃ ጠርቶ ይታያል። ሰማያዊው ከጭቃው ጋር ታች ወርዷል። ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ነው፣ የዋልካ ገጽ ኔጌቲቭ። እርሳስና ካድሚየምም ፖዘቲቭ ናቸውና ዋልካ እነሱንም ይይዛል። ፍሎራይድ ላይ ግን ሞክሬዋለሁ፣ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላደረገም። ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸዋ፣ ይገፋፋሉ። አርሴኒክና ክሮሜት የሚባሉት መርዞች ግን እንደ ፍሎራይድ የቀይ አፈር ወገን ናቸው። «ይሄ ድንጋይ ውሃ ያጣራል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ «ከምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ድንጋይ ካነሳሁ፣ አንድ ስንፍናዬንም ልናገር። ዜኦላይት የሚባል ማዕድን አለ። ስሙን ያወጣለት ክሮንስቴት የሚባል ስዊድናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1756። ሲያሞቀው እንፋሎት እያወጣ ስለተንተከተከ በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ የኒውክሌር ጣቢያው አደጋ ሲደርስበት ጨረር የሚያወጣውን ሲዚየም ከውሃው ለመያዝ ተጠቅመውበታል። በእኛ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥም ነጭ ሆኖ ይገኛል። እኔም ደጀን ላይ መኪናው ቁርስ ሲቆም ነጭ ፍሬ ያለበት ድንጋይ ከመንገድ ዳር አነሳሁ። ኪሴ ውስጥ ከትቼ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ቤት ስደርስ አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ተንጫጫ። አቼቶ ላይ የሚንጫጫ ካልሳይት ነው፣ ከኖራ ድንጋይ ወገን። ዜኦላይት ቢሆንም ኖሮ ለእህቴ አይረባትም ነበር፣ እሱም ኔጌቲቭ ነው። አሁን የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል።

ወደ ጀሪካኑ ልመለስ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳፋሪ ነው። ከጓሮ ማሳ አንድ ሳፋ ቀይ አፈር ዛቅኩ፣ አደረቅኩ፣ ወቀጥኩ፣ ነፋሁ። አንድ ሊትር የመቂ ውሃ ጨመርኩበት። የእናቴን ሽሮ የመሰለ ነገር ሆነ። እስከ ማግስቱ አልጠራም። ሲጠራም የበረት ሽታ አለው። ባሕር ዳር ላብራቶሪ የሚሠራ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋ ወስጄ አስለካሁት። ሳይነካ ከ6 በላይ የነበረው 5 ገደማ ሆኗል። ያን ሁሉ አፈር ጨርሼ።

ጓደኛዬ አንድ ነገር ነገረኝ፣ ለሚሞክር ይጠቅማል። ፍሎራይድ የሚለካው ኤሌክትሮድ የሚያየው ነጻ የሆነውን ፍሎራይድ ብቻ ነው። ከቀይ አፈር የሟሟ አሉሚኒየም ካለ ፍሎራይዱን አቅፎ ይደብቀዋል። መሣሪያው «ቀንሷል» ይልሃል፣ ፍሎራይዱ ግን እዚያው አለ፣ ትጠጣዋለህ። ለዚህ ነው ሲለካ እቅፉን የሚያላቅቅ ኬሚካል የሚጨመረው። ደግነቱ እሱ ሥራውን ያውቃል። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ በውሸት ቁጥር እጨፍር ነበር።

ለምን እንዳልያዘ ያስረዳኝ አባቴ ነው። ሳያውቀው። «ከየት ወሰድክ?» አለኝ። «ከጓሮ።» «ጓሮማ 30 ዓመት ፍግና ዳፕ የጠጣ ነው። ያልታረሰ አፈር አትወስድም?» በቃ። የጓሮው አፈር እጁ ሙሉ ነው። ፎስፌት ቀድሞ ቦታውን ይዟል። ለፍሎራይድ የቀረ ወንበር የለም። የሽታውም ምክንያት ፍጉ ነው።

መንገድ ሲሠራ የተቆረጠው ገደል ጋ ይዞኝ ሄደ። ከላይ ጥቁርማ ቡኒ፣ ከታች ግን እየቀላ፣ እየጠራ ይሄዳል። ከሁለት ሜትር በታች የደም ቀለም አለው። በአካፋ ጫፍ ፈቅፍቆ ማዳበሪያ ከረጢት ሞላልኝ። «ይሄ ማንንም አላየም» አለ።

አፈሩ ተገኘ። ሽሮ የመሆን ችግሩ ግን እዚያው ነው። የሸክላ አፈር ውሃ አያሳልፍም፣ ይደፈናል። ያለው መፍትሔ መተኮስ ነው። በእሳት ሲያልፍ ውሃ ውስጥ አይፈርስም። ሲሪላንካ ውስጥ ውሃቸውን ከፍሎራይድ ለማጽዳት የተተኮሰ ጡብ ስባሪ የተጠቀሙ አሉ። እኛ ጋ ጡብ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ገል አለ።

ከከተማው ወጣ ብለው ጀበናና ምጣድ የሚሠሩ እናት ጋ ሄድኩ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሁሉም ከእሳቸው ይገዛል። በጀበናቸው ቡና አፍልቶ ጠጥቶ፣ «ሸክላ ሠሪ» ሲል ድምፁን ዝቅ የሚያደርግም አይጠፋም። ይሄ ነገራችን ሁሌም ያበሽቀኛል።

አፈሩን በጣቶቻቸው አሹት፣ ትንሽ ምላሳቸው ላይ አደረጉ። «ለምጣድ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል» አሉ።

«ለምጣድ አይደለም እትዬ። በትንንሹ ጠፍጥፈው ይተኩሱልኝ። ግን በደንብ እንዳይበስል። ጥሬ ቢጤ ይሁን።»

አዩኝ። «ጥሬ ሸክላ ሸጠች ልታስብለኝ ነው?»

የሆነውን ነገር ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እሳቱ ሲያንስ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሲበዛ ደግሞ ገጹ ይከደናል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ጥሩ ጀበና ይሆንና መጥፎ ማጣሪያ ይሆናል። እኔ የምፈልገው መሀሉን ነው። ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልጠራላቸው ነበር፣ ተውኩት። እሳቸው «ይገባኛል፣ ፍሙ ሲቀላ ላውጣው» አሉ። ስም አልተጠራበትም እንጂ ቴርሞሜትራቸው ዓይናቸው ነው። ሦስተኛው ምድጃ ላይ ተሳካ። የመጀመሪያው ጭቃ ሆነ፣ ሁለተኛው እንደ ብረት ጮኸ። ለሦስቱም ከፈልኩ። ጥሬውን ለማንም ላላሳይ ቃል አስገቡኝ።

ገሉን በሙቀጫ ቀጥቅጬ በወንፊት ለየሁት። ዱቄቱን ደፋሁ፣ የምስር ፍሬ የሚያህለውን ያዝኩ። ደጋግሜ አጠብኩት። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጬ ገልብጬ፣ አፉ ላይ ጥጥ ወትፌ፣ 200 ግራም ሞላሁበት። ክዳኑን በመርፌ በሳሁት። ጀሪካኑን ከፍ አድርጌ በቀጭን ቱቦ ውሃ ለቀቅኩ።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ፍጥነት እዚህ ጠላት ነው። ውሃው ተጣድፎ ካለፈ ፍሎራይዱ የሚጣበቅበት ጊዜ አያገኝም። አንድ ሊትር ለመውረድ ሁለት ሰዓት ግድም ይፈጅበታል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን ተኩል ተቀመጠ። እናቴ እየተነሳች «አሁንም እየሸና ነው?» ትላለች። እኔ በየሊትሩ ትንንሽ ጠርሙስ እየሞላሁ ቁጥር እጽፋለሁ።

ውጤቱ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሊትሮች ከ1.5 በታች ናቸው። ጓደኛዬ በስልክ ሲያነብልኝ ተማሪዎች ፊት ቆሜ ነበር፣ ጠመኔ ጣልኩ። እስከ 11ኛው ሊትር ድረስ ደህና ሄደ። 12ኛው ላይ መውጣት ጀመረ። 15ኛው 3 አልፏል። ውሃው በመልክም በጣዕምም ያው ነው። 11ኛውንና 15ኛውን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፣ ቀመስኳቸውም። ልዩነት የለም። አንዱ ለልጅ የሚሰጥ ነው፣ አንዱ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ደስታዬ የቀዘቀዘው። የጭጎጎቱ ሱሪ ሞላ። ከሞላ በኋላ ማጣሪያው ውሃ የሚያልፍበት ጌጥ ነው። መቼ እንደሞላ ደግሞ ራሱ አይናገርም። የሚደፈን ማጣሪያ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ እምቢ ይላል።

ከዚያ ሒሳብ ሠራሁ። 200 ግራም ገል 11 ሊትር አጽድቶ ከእያንዳንዱ ሊትር 5 ሚሊግራም ገደማ ያዘ። በአንድ ግራም ወደ 0.3 ሚሊግራም ነው። የእህቴ ቤት ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ በቀን 20 ሊትር ይፈልጋል። ያ 100 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በቀን ከ330 ግራም በላይ ገል። በወር 10 ኪሎ። በዓመት 120 ኪሎ። ከአንድ ኩንታል በላይ ገል በየዓመቱ ተተኩሶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ታጥቦ ከመራዊ ወደ መቂ ሊጫን ነው? ወይስ እህቴ በየቀኑ ልትቀጠቅጥ ነው? ባሏ ስነግረው «ከብት እናርባ ቢቀለን» አለ። እውነቱን ነው።

የተሻለ የሚይዙ ነገሮች አሉ። አክቲቬትድ አሉሚና የሚባለው በፋብሪካ የሚዘጋጅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ወንጂ፣ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው፣ የሠራተኞቹ ውሃ በፍሎራይድ የታወቀ ነበርና እዚያ ተተክሎ ሠርቷል። ሲሞላ በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ እንደገና መጠቀም ይቻላል፣ ግን ያ የእህቴ ጓዳ ሥራ አይደለም። አልም የሚባለውን ጨውና ኖራ ጨምሮ የማዝቀጥ ዘዴም አለ፣ ናልጎንዳ ይባላል፣ በሕንድ ከተማ ስም። በየቀኑ መመጠን፣ ማማሰል፣ ዝቃጭ መድፋት አለው።

የአጥንት ከሰልም አለ። እሱ በደንብ ይሠራል፣ ምክንያቱም አጥንት ፍሎራይድ ይወዳል። የልጅቷን ጥርስ የጎዳውና ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራው ያው አንድ ፍቅር ነው። ይሄን እራት ላይ ሳወራ እናቴ እጇን አቆመች።

«የከብት አጥንት? ውሃ ውስጥ? በሁዳዴም?»

«እማዬ፣ ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል። ሥጋም ቅባትም የለውም።»

«ቄስ ነህ አንተ?»

ዘጋሁት። ስቄ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን በወር ግማሹን የሚጾም ሰው የማይጠጣው ውሃ ቢጠራም አልጠራም።

የአዊ ሰዎች «የእኛ የዲከረንስ ዛፍ ከሰልስ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ከሰል ለሽታ፣ ለቀለም፣ ለአንዳንድ የፀረ ተባይ ኬሚካል ጎበዝ ነው። ፍሎራይድ ላይ ብዙም አይረዳም።

በመጨረሻ እህቴ ምን አደረገች? ጣሪያዋ ላይ አሸንዳ አስገጠመች። ሮቶ ገዛች። የዝናብ ውሃ የፍሎራይድ ድንጋይ አይነካም። ለመጠጥና ለልጆቹ ምግብ ብቻ ይጠቀሙበታል፣ ልብስና ገላ በጉድጓዱ ውሃ። ክረምቱን ዘልቆ በጋው መሀል ሲያልቅ ግን የእኔ ገል ይገባል። የላክሁላት 30 ኪሎ ለዚያ ጊዜ ነው። እያንዳንዱን ኪሎ በተለየ ፌስታል አድርጌ «ከ50 ሊትር በኋላ ድፊው» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሒሳቤ 55 ነው፣ አምስቱን ለስህተቴ ተውኩ። ለእያንዳንዱ ጀሪካን ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ጭረት ታደርጋለች። ልጅቷ ናት የምትቆጥረው። ጥርሷ አይመለስም። የታናሽ ወንድሟ ቋሚ ጥርሶች ግን ገና ናቸው።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። የእኔን 200 ግራም ያገለገለ ገል ከሃይላንዱ አራግፌ በላስቲክ ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ አባቴ ከደጃፉ ጠራኝ።

«ወዴት ነው?»

«ልድፋው።»

«መርዙ የት ሄደ አልከኝ?»

«እዚህ ላይ ነው፣ ገሉ ላይ።»

«እና እኔ ማሳ ላይ ልትደፋው?»

«አፈሩ አይለቀውም አባዬ። ዳፕህን እንዳልለቀቀው።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ዳፑን እንዲለቅ ብዬ አይደል እንዴ ኖራ የምነሰንሰው?»

መልስ አልነበረኝም። ኖራ ሲገባ አፈሩ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ ፖዘቲቭ ገጹ ይመናመናል፣ የያዘውን ኔጌቲቭ ሁሉ መልቀቅ ይጀምራል። አሉሚናን በኮስቲክ ሶዳ የሚያጥቡትም በዚሁ ሕግ ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን እሱ ማሳው ላይ ያውቀዋል። 200 ግራም ምንም አያመጣም፣ የእህቴ 30 ኪሎም ብዙ አይደለም። ግን መንደሩ ሁሉ ቢያደርገው በዓመት ስንት ኩንታል ነው?

ያችን ላስቲክ ከመጸዳጃ ቤታችን አዲስ ወለል ሲሚንቶ ጋር አቦካናት። ለእህቴም እንደዚያው ነግሬያታለሁ፣ ያገለገለውን በከረጢት እያጠራቀመች ነው፣ ባሏ የበረቱን ደፍ ሊሠራበት።

ጀሪካኑን እናቴ ሦስት ጊዜ በአመድ አጥባዋለች። ንጹሕ መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ ላስቲኩ ፍሎራይድ እንደማይዝ አስረድቻለሁ። እስከ ዛሬ የሚጠጣ ውሃ አትቀዳበትም። «የመቂው» ትለዋለች። አተላ ነው የሚጠራቀምበት።